የአራስ ልጅ ደም ምስክርነት

ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ከቤታችን ሲደርስ፣ እግሩን ታጥቦ፣ እህል ቀምሶ፣ ጥቂት ካረፈ በኋላ «መንገዱ እንደ ምን ነበረ?» ተብሎ ይጠየቃል። ዝናብ መትቶት እንደ ሆነ፣ ወንዝ ሞልቶ አግዶት እንደ ሆነ፣ በጨለማ መንገድ ስቶ እንደ ሆነ እርሱ ራሱ በአንደበቱ ያወጋናል። ከእንግዶች ሁሉ የሚበልጠው እንግዳ፣ ማለት አሁን የተወለደ ሕፃን፣ ግን የመጣበትን መንገድ ሊነግረን አይችልም። የመጀመሪያ ንግግሩ ልቅሶ ነው፤ ልቅሶም ጤነኛውም ልጅ የታመመውም ልጅ ያለቅሰዋል። እናቱም ብትሆን ከምጥ ድካም ገና አላረፈችም። ስለዚህ ያንን መንገድ የሚያውቁ ሁለት ምስክሮች ይቀራሉ። አንደኛው የሕፃኑ ደም ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በምጡ ጊዜ ከእናቲቱ አጠገብ የነበረ ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው፣ የመጀመሪያው ምስክር ያለ ሁለተኛው ምስክር ቃሉ የማይሞላ መሆኑን ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ከገባሁ እነሆ ዐሥራ አራት ዓመት ሆነኝ፤ የተመደብሁበትም ሥራ በመዝገብ ቤት ነው። ገቢ ደብዳቤ እመዘግባለሁ፤ ለወጪው ቁጥርና ቀን እሰጣለሁ፤ ፋይል አሰባስባለሁ። ከዚህ ሥራ የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር ቀን የሌለው ወረቀት ግማሽ ወረቀት መሆኑን ነው። «ማመልከቻዬን አስገብቼ ነበር» የሚል ባለጉዳይ ይመጣል፤ ማመልከቻውም ተፈልጎ ይገኛል፤ ነገር ግን የገባበት ቀን ስላልተጻፈበት ከውሳኔው በፊት የገባ ይሁን በኋላ ለመለየት የሚችል የለም። ወረቀቱ እውነት ነው፤ እውነቱ ግን አይሠራም። ይህ ነገር ለሕፃን ደምም የሚሠራ መሆኑን የተረዳሁት የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ ነው። ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትንና ሐኪሞችን ጠይቄ ያወቅሁትን ለአንባብያን ባካፍል ይጠቅማል ብዬ ስላሰብሁ ብዕሬን አነሣሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ይህ እንግዳ ይዞት የሚመጣውን ስንቅ እንመልከት፤ ሕፃን ወደዚህ ዓለም ባዶ እጁን አይመጣምና። ፓውል ኤርሊኽ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1892 ይህንን በአይጦች መርምሮ አሳየ። ከጉሎ ፍሬ የሚወጣውን ብርቱ መርዝ ለአይጦች በጥቂት በጥቂቱ እየሰጠ ካለማመዳቸው በኋላ የልጆቻቸውን ነገር ተከታተለ። መርዙን የለመደው አባትየው ብቻ እንደ ሆነ ልጆቹ ከመርዙ አልዳኑም፤ የለመደችው እናቲቱ እንደ ሆነች ግን ልጆቿ ለተወሰነ ጊዜ መርዙን ቻሉት። ከዚህም አልፎ ሌላ አይጥ የወለደቻቸውን ልጆች ለዚያች መርዙን ለለመደችው እናት ሰጥቶ ቢያስጠባቸው፣ እነርሱም መከላከያውን ከወተቷ አገኙ። እንግዲህ የእናት ስንቅ በሁለት መንገድ፣ ማለት በማሕፀንና በጡት፣ የሚተላለፍ መሆኑ ከዚያ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው።

ዛሬ ሐኪሞች ይህንን ስንቅ በስም ለይተው ያውቁታል። በደም ውስጥ የሚገኙት ፀረ እንግዳ አካሎች ልዩ ልዩ ዓይነት ናቸው። አይ.ጂ.ጂ. የሚባለው ዓይነት ከእናቲቱ ደም ተነሥቶ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። ይህም የሚሆነው ይልቁንም በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ስለ ሆነ፣ ወሩን ጨርሶ የተወለደ ልጅ ከእናቱ የማያንስ፣ አንዳንድ ጊዜም የሚበልጥ መጠን ይዞ ይገኛል። ያለ ወሩ የተወለደው ግን ስንቁ ሳይሞላለት መንገድ እንደ ጀመረ ሰው ነው። አይ.ጂ.ኤም. የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ ግዙፍ በመሆኑ በእንግዴ ልጁ በኩል አያልፍም። ስለዚህ ከእትብት በተቀዳ ደም ውስጥ አይ.ጂ.ኤም. ከልክ በላይ ተገኝቶ እንደ ሆነ፣ የእናቲቱ ደም ካልተቀላቀለበት በቀር፣ ፅንሱ ራሱ ገና በማሕፀን ሳለ ከበሽታ ጋር ተጋጥሞ የሠራው ነው ማለት ነው። ማንም ያላየውን፣ በጨለማ የተደረገውን ውጊያ ደሙ ይናገራል።

ይህ የእናት ስንቅ ለዘላለም የሚኖር አይደለም። ከወር ወደ ወር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሕፃኑም በበኩሉ የራሱን መከላከያ መሥራት ይለምዳል። እስከዚያ ድረስ ሁለተኛው መንገድ ማለት ጡት ያግዘዋል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚወጣው ወፈር ያለ ቢጫ ወተት፣ ማለት እንገሩ፣ አይ.ጂ.ኤ. በሚባለው ፀረ እንግዳ አካል የተሞላ ነው፤ የሕፃኑንም የአንጀት ግድግዳ እንደ ዘበኛ ይጠብቃል። ሆኖም በአንዳንድ ስፍራ የሰውን እንገር እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ አልቦ መድፋት፣ በፈንታውም ለሕፃኑ ቅቤ ወይም ውሃ ማቅመስ ልማድ ሆኖ ኖሯል። ለላም እንገር ዋጋ የሰጠ ሰው ለገዛ ልጁ ስንቅ ዋጋ መንፈጉ የሚያሳዝን ነው።

ስንቁን አስቀድሞ ማዘጋጀት የሚቻል መሆኑን የሚያስረዳ አንድ ታላቅ ምሳሌ በአገራችን አለ። መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው በሽታ ንጹሕ ባልሆነ ምላጭ በተቆረጠ እትብት በኩል ገብቶ አራስ ሕፃናትን ይፈጅ ነበር። እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ክትባቱን ስትወስድ ግን መከላከያው ከደሟ ወደ ፅንሱ ያልፍና ልጁ ከመወለዱ በፊት ጋሻ ይይዛል። በክትባቱና በንጹሕ አዋላጅነት ብርታት ኢትዮጵያ ይህንን የእናቶችና የአራስ ሕፃናት በሽታ የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ያወጣችው መሆኗ በ2017 ተረጋግጧል። ኤርሊኽ በአይጥ ያየው ነገር በሰው ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ፍሬ አፈራ።

አሁን ደግሞ ከስንቁ ወደ መንገዱ እንምጣ። መንገዱ ቀና የሆነ እንደ ሆነ ሕፃኑ ደክሞ ይመጣል እንጂ ቈስሎ አይመጣም። ምጡ ሲረዝም፣ የሽርት ውሃው ቀድሞ ፈስሶ ልጁ ሲዘገይ፣ እናቲቱ በምጥ ላይ ሳለች ስታተኩስ፣ ወይም ልጁ ታፍኖ የመጀመሪያ ዓይነ ምድሩን ገና በማሕፀን ሳለ ሲለቅ ግን መንገዱ አስጊ ሆነ ይባላል። የሽርት ውሃው ከረጢት ሳይቀደድ እንደ ታጠረ ግቢ ነው፤ ከተቀደደ በኋላ ግን በሩ የተከፈተ ነውና ተሕዋስያን ከታች ወደ ላይ ሊወጡ ይችላሉ። ስለዚህ ውሃው ከፈሰሰ 18 ሰዓት ካለፈ በኋላ የተወለደ ልጅ ልዩ ጥበቃ እንዲደረግለት ሐኪሞች ይመክራሉ።

ቨርጂኒያ አፕጋር የተባሉት አሜሪካዊት ሐኪም በ1953 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የተወለደውን ልጅ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚመዝኑበትን ዘዴ ለዓለም አስተዋወቁ። የልብ ምቱ፣ አተነፋፈሱ፣ የጡንቻው ብርታት፣ ሲነካ የሚያሳየው መልስና የቆዳው ቀለም እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ድምሩም ከ10 ይታሰባል። ይህ ዘዴ ብዙ ሕፃናትን ከሞት አድኗል። ነገር ግን የሚነግረን ልጁ በዚያች ደቂቃ እንደ ምን እንዳለ ነው። በደሙ ውስጥ ተደብቆ የገባ ጠላት ቢኖር ያንን ለማወቅ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ምስክሮች ዋነኛው ሐኪሞች ባጭሩ ሲ.አር.ፒ. የሚሉት ነው። በ1930 በኒው ዮርክ ከተማ በሮክፌለር የምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ቲሌትና ፍራንሲስ የተባሉ ተመራማሪዎች በሳንባ ምች የታመሙ ሰዎችን ደም ሲመረምሩ አንድ እንግዳ ነገር አገኙ። በሽተኛው በብርቱ ሲታመም በደሙ ውስጥ የሚታይ፣ ሲድን ግን የሚጠፋ ነገር ነበር። ከምቹ ተሕዋስ ከተወሰደና «ሲ» ብለው ከሰየሙት ክፍል ጋር ሲገናኝ ስለሚረጋ ስሙን ከዚያ ወረሰ። ይህንን ንጥረ ነገር የሚሠራው ጉበት ነው። በሰውነት ውስጥ ጠላት ሲገባ ኢንተርሉኪን 6 የሚባል መልእክተኛ ከነጭ የደም ሕዋሳት ተነሥቶ ወደ ጉበት ይደርሳል፤ ጉበትም መልእክቱን ተቀብሎ ሲ.አር.ፒ.ውን መልቀቅ ይጀምራል።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልኝ የምለምነው ነገር አለ። ጉበት መልእክቱን ሰምቶ እስኪሠራ ድረስ ጊዜ ይወስድበታል። በሽታው ከጀመረ በኋላ ሲ.አር.ፒ.ው ከፍ ብሎ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ያልፋል፤ ከጫፍ የሚደርሰውም ከ1 እስከ 2 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጠላቱ ሲሸነፍ ደግሞ በ19 ሰዓት ያህል ግማሹ ከደም ይጠፋል። ስለዚህ ሕፃኑ እንደ ተወለደ ወዲያው ደሙ ተቀድቶ «ምንም የለበትም» ቢባል፣ ጠላት የለም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት መልእክተኛው ገና መንገድ ላይ ነው። ምርመራው እውነቱን ተናግሯል፤ የተናገረው ግን ስለ ትናንቱ ነው።

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘሁት ቢሆን ኖሮ ለመጻፍ ባልደፈርሁ ነበር። ልጃችን የተወለደችው ከዕለታት አንድ ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ከረዥም ምጥ በኋላ ነው። ባለቤቴ ወደ ጤና ተቋሙ የገባችው በዚያው ዕለት ጧት ነበር። በካርዷም ላይ «የሽርት ውሃ የፈሰሰው ከጧቱ 2 ሰዓት» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ይኸውም ከበር የገባችበት ሰዓት ነው። በዚያ አቆጣጠር ውሃው ከፈሰሰ 14 ሰዓት ብቻ ሆነ ማለት ነው። ልጅቱ አልቅሳለች፤ የአፕጋር ነጥቧም ደኅና ነበር። እኛም እልልታውን ጨርሰን፣ ባለቤቴን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን፣ ነገ ወደ ቤታችን ለመሄድ እናስብ ነበር።

ማታውን ተረኛ የነበሩት ወጣት ሐኪም ግን ካርዱን አገላብጠው አዩና ወደ አማቴ ዞረው «እማማ፣ ውሃው የፈሰሰው በእርግጥ ዛሬ ጧት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ኧረ አይደለም ዶክተር» አሉ አማቴ። «ትናንት ማታ ነው እንጂ። ቡና አፍልቼ ቶናው ተቀድቶ ነበር፤ በረካው ሳይደርስ ልጄ ከወንበሯ ብድግ አለች። ያን ጊዜ የሁለት ሰዓቱ ዜና መጀመሩ ነበር።»

«ታዲያ ጧት ሲገቡ ይህንን ለማን ነገሩ?»

«ማን ጠየቀኝ ልጄ!»

ሐኪሟ ዝም ብለው በጣታቸው ቆጠሩ። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ማግስቱ ምሽት 4 ሰዓት 26 ሰዓት ነው። በወረቀቱ 14፣ በእውነቱ 26፤ የአደጋው ወሰን ደግሞ 18 ነበር። እኔም እዚያው ቆሜ የመዝገብ ቤት ሥራዬ ትዝ አለኝ። ያቺ አንዲት የሰዓት ቁጥር ልጄን ከወሰኑ ወዲህ ወይም ወዲያ የምታሳድር ናት።

ወዲያው የልጅቱ ደም ተቀድቶ ሲ.አር.ፒ.ው 3 ሆኖ ተገኘ፤ ከ10 በታች ያለው ደኅና ነው ይባላል። እኔ ደስ አለኝ፤ ሐኪሟ ግን «የሕፃኗ አባት፣ ይህ ቁጥር ገና ምንም አልነገረንም። ዛሬ ሌሊት አትሄዱም፤ ነገ እንደገና እንቀዳለን» አሉኝ። በማግስቱ ልጅቱ ጡት ይዛ ቶሎ ቶሎ ትተወው ጀመር፤ ሰውነቷም ለዘዝ አለ። ደሟ ተቀድቶ ሲመጣ ሲ.አር.ፒ.ው 41 ሆኗል። ተሕዋስ እንዳለበት ለመፈተን ተጨማሪ ደም ተወሰደና አንቲባዮቲክ በመርፌ ተጀመረላት። በሦስተኛው ቀን ቁጥሩ ወደ 30፣ በአራተኛው ቀን ወደ 12 ወረደ፤ እርሷም ጡቷን አጥብቃ መሳብ ጀመረች። በሰባተኛው ቀን ይዘናት ወደ ቤታችን ገባን። ዛሬ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጐረቤቱን ሁሉ በጨዋታዋ ታስቸግራለች።

ከመውጣታችን በፊት ሐኪሟን «ልጄን የያዛት ምን ነበረ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ሳይሸሽጉ መለሱልኝ። ለፈተና ከተቀመጠው ደም ውስጥ ምንም ተሕዋስ አልበቀለም ነበር። «በደሟ ጥቂት ተሕዋስ ገብቶ መድኃኒቱ ቶሎ አሸንፎት ይሆናል። ወይም ቁጥሩን ያስነሣው የምጡ መርዘም ብቻ ይሆናል። የትኛው እንደ ሆነ ልምልልዎ አልችልም። ሰዓቱን፣ የልጅቱን ጠባይና ቁጥሩን አንድ ላይ ሳያቸው ግን መጠበቅ አልደፈርሁም» አሉኝ። ይህ መልስ በመጀመሪያ አላረካኝም ነበር፤ ውሎ ሳድር ግን ከብዙ የተረጋገጠ ንግግር ይልቅ አከበርሁት።

ሐኪሟ የተናገሩት በእርግጥ የዚህ ሁሉ ነገር ቋጠሮ ነው። የሕፃን ደም ምስክር ቢሆንም እንደ ቤት ውሻ ያለ ምስክር ነው፤ ውሻ ለሌባም ይጮኻል፤ በሌሊት ለመጣ ዘመድም ይጮኻል። ምጥ ራሱ ለእናትም ለልጅም ታላቅ ትግል ስለ ሆነ፣ ምጥ ሳይጀምር በቀዶ ጥገና ከተወለዱት ይልቅ በምጥ የተወለዱት ሕፃናት ነጭ የደም ሕዋሳት በዝተው ይገኛሉ። ሲ.አር.ፒ.ም ጤናማ በሆኑ ሕፃናት እንኳ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀኖች ጥቂት ከፍ ይላል፤ መታፈንና የረዘመ ምጥም ይጨምሩታል። ፕሮካልሲቶኒን የሚባለው ሌላው ምልክት ደግሞ በተወለዱ በመጀመሪያው ቀን በጤነኛውም ልጅ ላይ ከፍ ብሎ በኋላ ይወርዳል። ኢንተርሉኪን 6 መልእክተኛ እንደ መሆኑ ከሁሉ ቀድሞ ይታያል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚጠፋ ዘግይቶ የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። እንግዲህ ምልክቶቹ ሁሉ የየራሳቸው ሰዓት አላቸው፤ ሰዓቱን የማያውቅ ሰው ቁጥሩን ሊያነበው አይችልም።

የነጭ የደም ሕዋሳትም ነገር እንዲሁ ነው። በ1979 በአሜሪካ በዳላስ ከተማ የተደረገ ምርመራ በአራስ ሕፃናት ደም ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ ሕዋሳት በየሰዓቱ እንዴት እንደሚወጡና እንደሚወርዱ በሠንጠረዥ አሳየ። በዚያው ምርመራ የእናቲቱ የደም ግፊት የልጁን ኒውትሮፊል ሊያሳንስ እንደሚችል፣ የእናቲቱ ትኩሳትም ቁጥሩን ሊያዛባ እንደሚችል ታወቀ። ስለዚህ የእናቲቱን ታሪክ ያላወቀ ሰው የልጁን ደም አሳስቶ ይተረጕማል። ከዚህም በላይ በ2008 በአሜሪካ ከፍታ ስፍራዎች ከተወለዱ ሕፃናት የተሰበሰበ ቆጠራ ሲታተም የጤነኞቹ የላይኛው ወሰን ከዳላሱ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ለዚህም የአገሩ ከፍታ አንዱ ምክንያት እንደሚሆን ተገመተ። የእኛዋ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በሌላ አገር የተሰፋ ልብስ ለእኛ ልጆች ልክ መሆኑን ሳይለኩ ማልበስ የማይገባ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አንዳንድ አንባቢ «እንግዲህ ነገሩ እንዲህ አጠራጣሪ ከሆነ ለሁሉም ሕፃን መድኃኒት መስጠት አይሻልምን?» ይል ይሆናል። አይሻልም። አንቲባዮቲክ ያለ ምክንያት ሲበዛ ተሕዋስያን መድኃኒቱን ይለምዱታል፤ ነገ በእውነት ለታመመው ልጅ የሚሰጠው ይጠፋል። ደግሞም ልጅና እናት ተለያይተው ይሰነብታሉ፤ ጡቱ ይጓደላል፤ የቤቱም ገንዘብ ያልቃል። በሌላ በኩል ደግሞ የታመመውን ልጅ ደኅና ነው ብሎ ማሰናበት ከሁሉ የከፋ ነው፤ የአራስ ሕፃን በሽታ በሰዓታት ውስጥ ይገድላልና። በእነዚህ በሁለቱ ገደሎች መካከል ያለችው መንገድ ጠባብ ናት። ሐኪሙ በዚያች መንገድ የሚሄደው ደሙን ደጋግሞ በመለካት ነው። በ24 ሰዓት ልዩነት የተለካ ሲ.አር.ፒ. ሁለት ጊዜ ዝቅ ብሎ ከተገኘና ልጁም ደኅና ከሆነ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን በልበ ሙሉነት ለማቆም ይችላል። የዚህ ምስክር ትልቁ ጥቅም በሽታ አለ ከማለት ይልቅ የለም በማለቱ ላይ ነው ይባላል።

ይሁንና ላቦራቶሪ በሁሉ ስፍራ የለም። በ2016 በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 29ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደ ነበረ ተገልጧል፤ በ2005 የነበረው 39 ነበር። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶችም በ2005 ከመቶ 5 ብቻ ሲሆኑ በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ደግሞ ከመቶ 48 ደርሰዋል። መሻሻሉ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም እስከዚያ ዓመት ድረስ ከእናቶች ከግማሽ የሚበልጡት በቤታቸው ይወልዱ ነበር። በዚያ ስፍራ ሲ.አር.ፒ. የሚለካ መሣሪያ የለም፤ ያለው ዓይን፣ እጅና ልብ ነው።

ለእነዚህ ደግሞ ሌላ ዓይነት ምልክት ተዘጋጅቶላቸዋል። አራስ ልጅ ጡት መጥባት ሲያቆም፣ ሲያንቀጠቅጠው፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲተነፍስ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ሲሰረጕድ፣ የሰውነቱ ሙቀት 37.5 ሲደርስ ወይም ሲያልፍ፣ ወይም ከ35.5 በታች ሲወርድ፣ ካልነኩት በቀር የማይንቀሳቀስ ሲሆን፣ ያለ መዘግየት ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት። የመርፌ ጠብታ የማያስፈልገው ምርመራ ይህ ነው። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ያሰማራቸው እኅቶቻችን ይህንን ምልክት ለእናቶች ያስተምራሉ። ልጄም ጡቷን መተው ስትጀምር ከቁጥሩ ቀድሞ የተናገረው ይኸው ምልክት ነበር፤ አስቀድመው ያስተዋሉትም አማቴ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ ለአንባቢ የማቀርበው ምክር ከእኔ ሙያ የወጣ አይደለም፤ የመዝገብ ነገር ነው። ምጥ ከያዛት ሴት ጋር የሚሄድ ሰው፣ ባልም ቢሆን እናትም ብትሆን ጐረቤትም ቢሆን፣ አራት ነገሮችን በወረቀት ይያዝ። ምጡ የጀመረበት ሰዓት፤ ውሃው የፈሰሰበት ሰዓትና ቀለሙ፤ እናቲቱ አተኩሷት እንደ ሆነ፤ ልጁ የተወለደበት ሰዓት። መጻፍ የማይችልም ሰው ቢሆን ሰዓቱን ከሚያውቀው ነገር ጋር ያያይዘው፤ ከቡና፣ ከዜና፣ ከአዛን ወይም ከቤተ ክርስቲያን ደወል ጋር አያይዞ የያዘው ነገር አይጠፋበትም። ሳይጠየቅም ይናገር። ካርድ የሚጽፈውም ባለሙያ «መቼ ገባች?» ብሎ ብቻ ሳያቆም «መቼ ጀመረ?» ብሎ ቤተ ሰቡን ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም፤ መሣሪያም አይፈልግም።

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ቀንና ቁጥር ስንጽፍ ብዙ ጊዜ ሥራችን የደረቀ ይመስለናል። ወረቀት ለወረቀት የምናገላብጥ፣ ሕይወት ከሌለበት ነገር ጋር የምንውል ሆነን እንታያለን። ነገር ግን አንድ ሰዓት በትክክል መጻፉ የአንድ ሕፃን ዕጣ የሚለይበት ጊዜ እንዳለ ካወቅሁ ወዲህ ማኅተሙን የማሳርፍበት እጄ ከበፊቱ ይልቅ ይጠነቀቃል። ምጥ የያዛትን ሴት «ማርያም ትቅረብሽ» ማለታችን የቆየ መልካም ልማድ ነው፤ ይቀጥል። ከምርቃቱ ጋር ግን ሰዓቱንም እንያዝላት።